ሁለት አፍንጫ ያላት ጠገራ

እግሬ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከደብር ደብር፣ ከለቅሶ ለቅሶ ስዞር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ያችን ጠገራ ብር ግን የትም ብሄድ አልረሳኋትም።

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ። ታላቅ እህቴ ልትዳር የሙሽራው ወገን ጥሎሽ ይዞ ስማዳ ቤታችን መጣ። እህቴ ልጁን ከወንዝ ማዶ ታውቀዋለች፤ ትወደውም ነበር። ቀሚሱ ቀረበ፣ ኩታው ቀረበ፤ መጨረሻ ላይ ለአንገቷ የምትሆን አንዲት ጠገራ። በኛ አገር ጥሎሽን ማጣጣል የሙሽራዋ ወገን ወግ ነው። ቀሚሱ አጠረ፣ ኩታው ሳሳ ይባላል፤ ያኛውም ወገን ይመልሳል፤ ይሳቃል። አጎቴ ጠገራዋን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዘነበላት። በላይዋ ያለችው ሴትዮ አፍንጫዋ ድርብ ነው፤ የትከሻዋ ጌጥ ነጠብጣቦችም ተደራርበዋል።

«እሜቴ ሁለተኛ አፍንጫ ያበቀለችው እናንተ ቤት ስትከርም ነው?» አለ።

ዳሱ ሁሉ ሳቀ። የሙሽራው አባትም ጠላችሁ ከሸተታት ሦስተኛም ታበቅላለች አሉ።

እዚያ ላይ በቅቶ ቢሆን! ከእኛ ወገን ሽማግሌዎች አንዱ ግን ነጠብጣቡ ያልጠራ ጠገራ ሐሰተኛ ነው ብለው አጉረመረሙ። ሳቁ ጠፋ።

«ድንጋይ አምጡ» አለ አጎቴ።

ጠገራ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት እውነተኛ ከሆነ ያቃጭላል፤ ቅይጥ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ገበያ ላይ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ጥሎሽን በሰጪው ፊት ድንጋይ ላይ መጣል ግን አታላይ ነህ ማለት ነው። አባትየው ጠገራዋን ከአጎቴ እጅ ወስደው ልጃቸውን አስነሡ። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ እጄን ጨብጣ፣ ሲሄዱ ኮቴያቸውን ሰማች። ከርሞ ወገዳ ለሌላ ሰው ተዳረች።

እኔም ወልጄ ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ አርብ ገበያ አሮጌ ጠገራ የሚገዛ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ዘንድ የዚያችን ቢጤ አየሁ፤ አፍንጫዋ ድርብ። ሐሰተኛ ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ድንጋይ ላይ ጣል አደረጋት፤ አቃጨለች።

«ስትቀረጽ ተንሸራታ፣ ማተሚያው ሁለቴ አርፎባት ነው እናቴ። ብሩስ ብር ነው» አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወገዳ ወረድሁ። እህቴ ብቅል ስታሰጣ አገኘኋትና ነገርኋት። እጇ ብቅሉ ላይ ቀረ።

«እሱስ ያውቃል?»

«እንጃ፣ እታለም። እስቴ ነው አሉ ያለው፤ አግብቶ ወልዷል።»

«መቼም ትዞሪ የለ። ብታገኚው፣ አባቱ እንዳላታለሉን አውቀናል በይልኝ።» ብቅሉን በተን በተን አደረገች። «ወይም ተይው። ሚስቱ ትሰማና ይከፋታል።»

ከዚያ ወዲህ እስቴን ስንት ጊዜ ረግጫለሁ። ቤቱንም አሳይተውኛል። በደጁ አልፋለሁ፤ ገብቼ አላውቅም።