ጉናን በባዶ ሆድ የተሻገርኩ ለታ

በወጣትነቴ አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ። መልክ አይደለም፤ መልኬን የሚያውቁት ያውቁታል። ጉልበትም አይደለም፤ ጉልበቴ ያኔም እንደ ዛሬው ዳገት ባየ ቁጥር ያጉረመርም ነበር። የምኮራው በስንቄ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ለረጅም መንገድ እንደ እኔ ስንቅ የሚያሰናዳ ሰው የለም ይባል ነበር። ይህን የሚለውም እኔው ነበርኩ።

ዘመኑ ደርግ ነው። አስተማሪ ነበርኩና የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን እየዞርኩ እንድቆጣጠር ተመደብኩ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ጉና እወጣለሁ። መኪናው ለኃላፊዎች፣ በቅሎዋ ለምክትሎቻቸው፣ እግር ለእኔ ደረሰኝ። ጉና ላይ ደግሞ ነፋሱ እንጂ ሰው አያገኝህም፤ ምሳህን ተሸክመህ ካልወጣህ ምሳ የሚባል ነገር የለም።

ሌላው ሰው በሶውን በውሃ በጥብጦ፣ ጨው ጣል አድርጎበት ይጠጣና መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ግን ተመራማሪ ነበርኩ። ለፍስኩ ቀን በሶውን በቅቤና በማር እለውሳለሁ። ለጾሙ ቀን የተቆላ ኑግ ወቅጬ፣ ከበሶና ከማር ጋር አሽቼ፣ ዝንጅብል ጨምሬበት እንደ እንቁላል አድቦለብለዋለሁ። አንዷ እንቁላል አንድ ዳገት ታስወጣለች። ሁለተኛዋ ቁልቁለቱን ታስረሳለች። ሦስተኛዋን የበላ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ይጠፋበታል፤ በራሴ ሞክሬዋለሁ።

መጠጡም የራሴ ነበር። ማርና በሶ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከጨው ቆንጠር። ኮዳዬ ተሰንጥቆ በጠርሙስ የያዝኩት ጊዜ ብቻ ነው ያሳፈረኝ። ጠርሙሱን በበቆሎ ቆረቆንዳ ጥርቅም አድርጌ ወትፌ ሦስት ቀን ረሳሁት። በአራተኛው ቀን ይዤው ስብሰባ ገባሁ። ካድሬው ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «ጠላት በመካከላችን ተቀምጧል!» ከማለቱ ቆረቆንዳው ጓ ብሎ ወጥቶ ጣሪያውን መታው። ሊቀ መንበሩ ወንበር ሥር ገባ። ካድሬው ወረቀቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው? ማነው?» አለ።

«በሶ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ስገባ ከረጢቴን በር ላይ ይቀበሉኝ ጀመር።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ምርምሬን እያየች ትስቃለች። ሙቀጫ ይዤ ስታየኝ በሩን ትዘጋልኛለች፤ ጎረቤት እንዳያየኝ ነው። አትከራከረኝም። ልወጣ ስነሳ ብቻ ኮቴን ታለብሰኝና ግራና ቀኝ ኪሴን በገብስና በሽምብራ ቆሎ ትሞላዋለች። «የአንተ እንቁላል ቢከዳህ ይሄ አይከዳህም» ትለኛለች። እኔም ወግ ያለው ምሳ እስኪደርስ እየቆረጠምኩ እሄዳለሁ።

ከተጋባን ሰባት ዓመት ሞልቶን ነበር። ልጅ አልወለድንም። ያልተሳልንበት ደብር፣ ያልተጠመቅንበት ጠበል የለም። ቤታችን ንጹሕ ነበር፤ የሚያቆሽሸው የለማ። እሷ አታነሳውም፣ እኔም አላነሳውም፤ ነገሩ ግን ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ከጉና ማዶ ባለው ጣቢያ ስሠራ የማድርበት አንድ ገበሬ ወዳጅ ነበረኝ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ድንች መኮትኮት አስተምሮኛል፤ ተማሪነቱ ከእኔ ይሻል ነበር። በዚያ ዓመት ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ በሚወርድ ሰው ላከብኝ፦ «ልጄን ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ። ሌላ ሰው አላየሁም።»

መልእክቱን ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷም ጥጥ አወጣችና መፍተል ጀመረች። የፈተለችውን ሸማኔ ዘንድ ወስዳ ለሕፃን የምትሆን አንዲት ነጭ ልብስ አሠራች። ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ «አባ የሚልህ ሰው ሊገኝ ነው» አለችኝ። «መንገድ ላይ ለማንም እንዳታወራ። ሳይሆን የተወራ ነገር ደስ አይለኝም።»

አላወራም ብዬ ማልኩ። ለእኔ ይህ ከባድ መሐላ ነው።

አርባኛው ቀን ረቡዕ ዋለ። የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው ቀትር ላይ ተጀምሮ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚያልቀው። ሕፃኑን ታቅፎ የሚያስጠምቀው ሰው ደግሞ በዚያ አገር እህል ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚቆመው፤ ቄሱ በዚህ ቀልድ አያውቁም። የደብረ ታቦሩ ስንቅ ሊቅ ጉናን በባዶ ሆዱ ሊሻገር ነው ማለት ነው። ቢሆንም አርባ የኑግ እንቁላል አድቦልብዬ ተሸከምኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ ጾመኛው ሁሉ ይቅመሰውና ዝናዬ ከጉና ማዶም ይሰማ ብዬ ነው።

ማክሰኞ ከተራራው ግርጌ ካለች መንደር አደርኩ። ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ሽማግሌ የመንገድ ጓደኛ ሆኑኝ። በንጉሡ ጊዜ ወታደር የነበሩ፣ እንደ ጅራፍ የቀጠኑ ሰው ናቸው። ማዶ ያለች እኅታቸውን ሊጠይቁ፣ እግረ መንገዳቸውንም ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ነው የሚሄዱት። ምርኩዛቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይራመዳሉ፤ መደገፊያ የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር።

የገብሱን ማሳ አልፈን፣ የድንቹን አልፈን፣ የአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። ጉም ከላይ ወረደብን። ጉናን በጉም የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መንገዱ ከእግርህ ሥር ሁለት ክንድ ብቻ ይታይሃል፣ የቀረው ዓለም ገና ያልተፈጠረ ይመስላል። በጎች ድምፃቸው ይመጣል፣ እነሱ አይመጡም። ጅብራው፣ ያ ሰው የሚያህለው የደጋ ተክል፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላል፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ እንግዳ መስሎኝ ሁለቴ ሰላም ብየዋለሁ። ጤዛው ጢሜ ላይ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። የምሄድ ሳይሆን የምንሳፈፍ መሰለኝ።

በልቤ ሕፃኑን ታቅፌዋለሁ። ያ የማላውቀው ልጅ ጉሙ ውስጥ አደገ። ድክ ድክ አለ፣ ሮጠ፣ ደብረ ታቦር መጥቶ እኛ ቤት አደረ፤ ባለቤቴ ራሱን ስታጥበው አለቀሰ፣ በጭቃ እግሩ ምንጣፋችንን አበላሸ። ቁጣ አስመስዬ ስጮህበት «ክርስትና አባቴ፣ ምነው?» አለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል፣ ልጄ?» አሉኝ ሽማግሌው ከፊት ለፊት።

«ምንም፣ አባቴ። ጉሙ ደስ ብሎኝ ነው።»

«ጉም ደስ የሚለው ጥጋበኛ ነው።»

ዳገቱ ሲጠና እሳቸው ሁለት ጊዜ አረፉ፤ እኔ አላረፍኩም። ይህ በሕይወቴ ያልታየ ነገር ነው። ሆዴ አይጮህም፣ ጉልበቴ አይዝልም። ትናንት ማታ ከበላሁት ሽሮ ወዲህ ምንም ያልቀመስኩ ሰው እንዲህ ሲራመድ ተአምር ነው አልኩ በልቤ። ለልጁ ስል እግዜር ይዞኛል ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ዛሬ ጉልበቴን እንዴት ያዩታል፣ አባቴ?» አልኳቸው። «ረሃብ የሚባል ነገር አልተሰማኝም እኮ!»

ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «እንዴት ብሎ ይሰማሃል?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አድናቆት መሰለኝ። ደረቴን ነፋ አደረግሁ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገለጠ። ከታች፣ ከገብሱ መሐል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በጽድ ተከቦ ታየ። ገና ከስድስት ሰዓት በፊት ነው። ደርሻለሁ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተከሉና፣ «በል እንግዲህ» አሉኝ። «እኔ ገብቼ ሳስቀድስ አንተ ከጽዱ ሥር አረፍ በል። ሲያልቅ ሰው የሚበላ የሚጠጣውን ይሰጥሃል።»

«ለምን ከጽድ ሥር? እኔም እገባለሁ እንጂ።»

«አንተ? እህል በልተህ?»

«ኧረ አልበላሁም! ከትናንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።»

ሽማግሌው መሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን ጨበጡ። «አንተ ልጅ፣ ወታደር ነበርኩ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ከአስታው ጀምሮ ከኋላዬ ስትቆረጥም አይደል የመጣኸው? የመንግሥት ሰው ነው፣ ጾም አያውቅም ብዬ ዝም አልኩህ።»

እጄን አየሁት። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስዳብሰው የግራው ኪሴ ባዶ ነው፤ የቀኙ ከታች ስምንት ዘጠኝ ፍሬ ቀርቶታል። ጥርሴ ሥር የሽምብራ ስባሪ አለ። ተአምሩ ይሄ ነበር። አርባ እንቁላል ተሸክሜ አንዷን ሳልነካ፣ ሚስቴ በፍቅር የሞላችልኝን ሁለት ኪስ ቆሎ፣ ልጁን እያለምኩ፣ ጨርሼዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው መሐላዬን አፍርሼ ሁሉንም የነገርኳቸው፤ ልጁን፣ ልብሷን፣ ሰባቱን ዓመት። ሽማግሌው አልሳቁም። እስክጨርስ ጠበቁና፣ «ያየ ሰው የለም፤ እኔም አላወራም» አሉ። «አፉ የአንተ ነው። እንደ ልብህ።» ቁልቁለቱን ጀመሩ።

ቁልቁለቱን ስወርድ ከራሴ ጋር የተከራከርኩትን ያህል ከካድሬም ጋር አልተከራከርኩም። ሳላውቅ የበላሁት ነው አልኩ። ቆሎ እህል ነው እንዴ አልኩ፤ ይህን ያልኩት በገብስ ማሳ መሐል እየሄድኩ ነው። ባዶ እጄን ገብቼ ለባለቤቴ ምን እላታለሁ አልኩ። ደግሞ ልጁ አንድ ቀን ቢያተኩሰው፣ ቢያስለው፣ እኔ ደብረ ታቦር ተቀምጬ «ያ ቆሎ ነው» እያልኩ እንደምኖር አወቅሁ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ነው የምኖረው።

ወዳጄ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሲያየኝ ፊቱ እንዴት እንደበራ! አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። ቄሱ ወጣ አሉና፣ «ክርስትና አባቱ ደረሰ? በሉ፣ ውሃው ተባርኳል» አሉ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አባ» አልኩ፣ «ክርስትና አባቱ ደርሷል። ግን በልቷል።»

ወዳጄ ክንዴን ለቀቀ። «ምን በላህ፣ መምህር?»

«ቆሎ።»

«ጠፍቶህ ነው? ረቡዕ መሆኑ ጠፍቶህ ነው?»

«ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ። መብላቴን ነው ያላወቅሁ።»

ከቄሱ ኋላ የቆመው ዲያቆን ሳቁን በመስቀል ጨርቁ አፈነው። ቄሱ ግን አላፈኑም፤ አንዴ ሳቁና ከዚያ አዘኑልኝ። «እውነቱን መናገርህ ደግ አደረግህ። ግን ዛሬ ልጁን አታነሳም» አሉኝ። ወዳጄ ወዲያ ወዲህ አየ፤ ሌላ ሰው አላዘጋጀም። እኔ ፌስታሏን ከከረጢቴ አወጣሁና ለሽማግሌው ዘረጋሁላቸው።

«ኧረ እኔን ተዉኝ!» አሉ። «እስካሁን ያነሳኋቸው ዘጠኝ ሆነዋል፤ ስማቸውን እንኳ እያምታታሁ ነው።»

«አሥረኛውን አያምታቱትም፣ አባቴ። የቆሎው ልጅ ይበሉት።»

ምርኩዛቸውን ሰጡኝና ልብሷን ተቀብለው ገቡ።

ከጽዱ ሥር ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኑ ጮኸ። የጉና ውሃ ነው፤ እኔም ብሆን እጮሃለሁ። ጩኸቱ ከግንቡ ወጥቶ፣ በጽዱ አልፎ፣ ወደ ገብሱ ሄደ። ጉሙ መልሶ መውረድ ጀመረ። ቅዳሴው ከውስጥ እየመጣ እየራቀ፣ እንቅልፍ ይሁን ሐዘን ያልለየሁት ነገር ይዞኝ ዋለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕዝቡ ሲወጣ ከረጢቴን ፈታሁ። አርባ እንቁላል ለደከመ ጾመኛ ታደለ። ሽማግሌው አንዷን ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ከፍተው ገላመጡኝ። «ይሄን ተሸክመህ ነው ቆሎ የምትቆረጥም?» አሉኝ። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

የልጁ እናት ወደ እኔ መጣች። ከወለደች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በዚያ ቀን ነው፤ ፊቷ ገና የአራስ ፊት ነው። ባለቤቴ ያሠራቻትን ልብስ የለበሰውን ልጅ ታቅፋለች።

«ያዙት እንጂ፣ መምህር» አለችኝ።

«እኔ እኮ በልቻለሁ።»

«እና? ለማቀፍም ይጾማል?»

ሰጠችኝ። ሜሮን ሜሮን ይሸታል። ጨርቁ ውስጥ አልቅሶ አልቅሶ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ክንዴ ላይ ቀስ ብዬ ከፍ ዝቅ አደረግሁት፤ ደግሜም እንዲሁ።

«ምን እያደረጉት ነው?»

«እየመዘንኩት ነው። ቤት ስገባ የምትጠይቀኝ ሰው አለች።»

እሷም ገባት መሰለኝ፣ አልቸኮለችም። ጉሙ ጽዱን ዋጠው፣ ሕዝቡን ዋጠው፣ እኔና ልጁ ብቻ ቀረን። አሁንም አሁንም ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ እንዳልረሳው።