የቀኝ እግር ክስ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር ይታወቅ፦ የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እግር በፈተና አዳራሽ መልስ አስኮርጇል ተብሎ ተከሷል። ግራው ለጊዜው ነፃ ነው።

ባለ እግሯ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን ያሳለፈችው በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ነው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ካለፈች በምትሠራበት ድርጅት የስፌት ክፍሉ አለቃ ትሆናለች፤ ከወደቀች ወንበሩን የሚይዘው መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማያውቀው የሥራ አስኪያጁ አማች ነው።

ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ለፈተና ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ሆዷን ይቆርጣታል፣ እጇን ያልባታል፣ ያጠናችው ሁሉ ብን ይላል። ሐኪሙ የጨጓራ ክኒን ሰጣት። አስተማሪው «ጭንቅላትሽ ደርቋል» አላት። አንዱ ከአንገት በታች፣ አንዱ ከአንገት በላይ ተካፍለው መረመሯት፤ በመሃል አንገት እንዳለ ትዝ ያለው የለም።

ነገሩ የገባት አጠገቧ ቆማ ልብስ የምትተኩሰው ታላቅ እህቷ ናት። በአንድ እጇ ካውያ፣ በሌላው ደብተር ይዛ ስትጠይቃት፣ ሰፊዋ መኪናዋን እየረገጠች አንድም ሳትስት መለሰች።

«አንቺ፣ ትምህርቱን እግርሽ ውስጥ ነው እንዴ የደበቅሽው?»

«እውነቴን ነው እትዬ፣ መርገጥ ሳቆም ይጠፋኛል።»

«እንግዲያው እዚያም እርገጪ! ድምፁ እንዳይሰማ ከሥር ጨርቅ አንጥፊ።»

በሦስተኛው ፈተና አንጥፋ ረገጠች። ሆዷ ዝም አለ፤ ሒሳቡ እንደ ጠርዝ ስፌት ቀጥ ብሎ ወረደላት። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ክር የምትበጥስ መስሏት እርሳሱን ስትነክስ፣ ፈታኙ ከራስጌዋ ቆመ።

«እናቴ፣ በእግርዎ ለማን ነው መልስ የሚነግሩት?»

«ለራሴ ነዋ!»

«ጨርቁስ?»

«ድምፅ እንዳይሰማ።»

«ይኸው፣ አመኑ!»

ወረቀቷ ታሸገ፤ አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ። ሰብሳቢው ስለ እግር ምልክት አደገኛነት ሲያብራሩ በብዕራቸው ጠረጴዛውን ይቀጠቅጣሉ፤ ምክትላቸው ጉልበታቸውን እንደ ወንፊት ያርገፈግፋሉ፤ ጸሐፊው ጥፍሩን ይበላል። እንዲህ ሆነው መከሩና ወሰኑ፦ ሰው ሲያስብ ሰውነቱ እንደሚንቀሳቀስ ሦስት ሰዎች እስከ ሰኞ ጠዋት ካልመሰከሩላት፣ ፈተናው ይሰረዛል፣ አማቹም ይሾማል። እህት አትቆጠርም።

ሁለት ተገኝተዋል። እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ ይህን እያነበብክ የምታወዛውዘውን እግርህን ሳታቆም፣ እባክህ ሰኞ ጠዋት ብቻ ሦስተኛው ምስክር ሆነህ…