«ይለፉ ጋሼ» ያልናቸው ሰው

ኧረ ጉድ! አፌን እንደያዝኩ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ።

ዛሬ እዚህ ሰፈራችን ፓይንሪጅ ውስጥ የቸርቻችን ልጆች ከፊሊፒኖዎች ጋር ባስኬትቦል ገጠምን። አንድ ሰው ሲጎድላቸው፣ ጨዋታ ሊያዩ የመጡት ሽበታሙ ጎረቤቴ ጋሽ ራሞን ገቡላቸው።

እኛ ደግሞ ሐበሻ ነና! «ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንዳትገፏቸው» ተባባልን። አንዱማ «ይለፉ ጋሼ» ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው።

አለፉ። ደጋግመው አለፉ። ዞር ብለው ሳያዩ የሚያቀብሉት ኳስ ሰው እጅ ላይ ያርፋል። ዘረሩን!

በኋላ ሚስታቸው ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። ለካ በኮሌጅ የቡድናቸው ካፒቴን፣ ከዚያም ማኒላ ውስጥ ፕሮፌሽናል ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳስ አከፋፋይ ነበሩ! በየዊንተሩ አብረን በረዶ ስንጠርግ የሚያወሩኝ ግን ስለ ጉልበታቸው ሕመም ብቻ ነው።

«ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ብነግርህ ታሳልፈኝ ነበር?»

ትልቅ ሰው አከብራለሁ ብሎ ጉድ የሆነ እኔ ብቻ ነኝ? እባካችሁ ኮሜንት ላይ አጽናኑኝ።