የአክስቴ የማኅበር ተራ

ይህን እስከ ዛሬ ለእናንተ ተናግሬ አላውቅም። ዘይትና ዱቄት ሳሸክማቸው በስልካችሁ ያያችኋቸው፣ «ጧሪ የሌላቸው እናት» ብዬ ያለቀስኩላቸው ሴት አክስቴ ናቸው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ያሳደጉኝ አክስቴ ስንዱ። ጎተራቸው ሙሉ ነበር። እኔ ነኝ በቪዲዮ ያደኸየኋቸው።

ያኔ በምለቃቸው ቪዲዮዎች የተነሳ ፍኖተ ሰላም ላይ ባለባጃጁ ሁሉ በስሜ ይጠራኝ ነበር። ቀሚሱ የኪራይ፣ መኪናው የሰው፤ ቤቴ ስገባ ግን የሚያናግረኝ አልነበረም። ተመልካች ሲቀንስብኝ ደነገጥኩና የሚያስለቅስ ነገር ፈለግኩ። «ያን የተቀደደ የሥራ ቀሚስዎን ይልበሱልኝ፤ ለጨዋታ ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። ልጃቸው አይደለሁም እንዴ? ለምን አያምኑኝ?

ቀርጬ ለቀቅኩት፤ አገሩ ሁሉ አየው። በወሩ የማርያም ማኅበር ተራቸው ደረሰ። ጌሾ ወቅጠው፣ ጠላ ጠምቀው ሲጠብቁ ማኅበርተኞቹ መጡና «እመት ስንዱ፣ እርስዎንስ አናስቸግርም፤ ተራዎ ይለፍዎት» አሏቸው። አዝነውላቸው ነው። ግን ዕድሜ ልኩን ሲያበላ ለኖረ ሰው ከዚህ የባሰ ምን ውርደት አለ? ያን ውርደት ያመጣሁት እኔ፣ በገዛ እጄ።

ጎረቤት ደውሎ ሲነግረኝ ሆቴል ውስጥ ለፎቶ እየተኳኳልኩ ነበር። ግማሽ ፊቴን እንደተቀባሁ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ማኅበሩ ሌላ ሰው ቤት ተቀምጦ ደረስኩ። አክስቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ጥግ ይዘዋል። መሬት ላይ ወደቅኩና «ውሸት ነው! እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ሂዱና ጎተራቸውን እዩ!» አልኩ።

 አክስቴ ብድግ አሉ።

«ፊትሽን ታጠቢና ጠላውን ከቤት አምጪ። ሰው ደረቁን አይቀመጥም።»

ሌላ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ያን ቀን ቢያባርሩኝ ኖሮ ወደዚያው ኪራይ ሕይወቴ እመለስ ነበር። ስላላባረሩኝ እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ፤ እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ለማኅበሩ ተናዘዝኩ እንጂ ለእናንተ ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። እንባችሁን በሐሰት ወስጃለሁና ይቅር በሉኝ። ቪዲዮውን ባጠፋውም ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ከደረሳችሁ ግን እባካችሁ «ምስኪን» አትበሏቸው። ነገ ተራቸው ነው፤ ደግሰዋል። የምቀዳው እኔ ነኝ።