ለወለላ ያንጎራጎርኩበት ክረምት

አሁን በምኖርበት በወረታ ከተማ፣ ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ጎህ ሲቀድ ላሟን ስታልብ፣ የመጀመሪያው ወተት ባዶው ማለቢያ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። መጀመሪያ ስል ነው፤ ወተቱ እየሞላና አረፋው እየተነሳ ሲሄድ ግን እየለዘበ፣ እየወፈረ ይመጣል። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔን ሳልገልጥ ፎገራ ሜዳ ላይ ወዳለው ወደ አባቴ ቤት፣ ላም ማለብ ወደ ተማርኩበት ክረምት እመለሳለሁ።

ቤታችን ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሜዳው ትንሽ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነበር። ክረምት ሲጠና ርብ ከአፉ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይወጣና ሜዳውን ሁሉ ውሃ እያለበሰ እስከ አውድማችን ድረስ ይመጣ ነበር። ከብቶቹ በዚያ ወቅት የሚቆሙበት ደረቅ መሬት ስለማያገኙ፣ አባቴና ታላቅ ወንድሜ ውሃው ሳይቀድማቸው ነድተዋቸው በጣራ ገዳም በኩል ወዳለው ከፍታ፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ይወጡና ሜዳው እስኪጠነፍፍ እዚያው ይከርሙ ነበር። ለቤት የምትቀረው አንዲት የምትታለብ ላም ብቻ ነበረች። ለትልልቆቹ ክረምቱ ጭንቅ ቢሆንም ለእኔ ግን ደስታ ነበር፤ ማታ ማታ የእንቁራሪቱ ጩኸት ጆሮ እስኪያደነቁር ይሰማል፣ ጠዋት ስንነሳ ደግሞ አምባዛ የሚባለው ዓሣ መንገድ ስቶ በረታችን ድረስ መጥቶ ጭቃው ላይ ሲንፈራገጥ እናገኘዋለን። እኔ ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ሰው ወደ ቤታችን ሲመጣ ከጎታው ኋላ እደበቅና እስኪሄድ ድረስ ትንፋሼን ውጬ እቀመጥ ነበር። ክረምት ግን መንገዱ ሁሉ ውሃ ስለሚሆን እንግዳ አይመጣም፤ እኔም ያለ ስጋት እንደ ልቤ እወጣ እገባ ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ ሐምሌ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። የአባቴ እህት እትየ ጥሩነሽ ልታርሳት መጥታ እኛ ዘንድ ከረመች። እትየ ጥሩነሽ ድምፀ ጎርናና፣ ሳቂታ፣ ከሁሉም በላይ ግን ንጹሕ ሴት ነበረች፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ በደንብ ካልታጠነ ደጅ አውጥታ ትጥለው ነበር። ለቤት የቀረችልን ላም ወለላ ትባላለች፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ገራም ላም ነበረች፤ እሷም ከእናቴ ትንሽ ቀደም ብላ ወልዳ ነበር። እናቴ ከመውለዷ በፊት ወለላን የምታልባት እሷ ነበረች፤ አባቴ እጁ ከሞፈር ሌላ አይለምድም ተብሎ ይታማ ነበር።

እናቴ በወለደች ሳምንት ሳይሞላት ትኩሳት ያዛትና ጡቷ ደረቀ። የምታጠባ ሴት የነበረችው ከርብ ማዶ ነው፤ ርብን ደግሞ በዚያ ሰሞን የሚሻገረው አልነበረም። ስለዚህ ልጁ የቀረለት የወለላ ወተት ነበር፤ እትየ ጥሩነሽ ታልብና አሙቃ፣ ጥቂት ውሃ ጨምራ፣ በንጹሕ ጥጥ እየነከረች ታጠባው ነበር። በዚህ መሀል ጥጃዋ ከጎርፉ ውሃ ጠጥታ ኖሮ አንድ ጠዋት ሞታ አገኘናት።

ጥጃዋ የሞተችባት ላም ወተቷን ትይዛለች። አገራችን ለዚህ ዘዴ አለው፤ የሞተችውን ጥጃ ቆዳ ገፍፎ፣ ገለባ ሞልቶ፣ ጨው ነስንሶ ከላሟ ፊት ማቆም ነው። ላሟ ሽታውን ስታገኝ የቆመችው ልጇ እየመሰላት ትልሳታለች፣ ወተቷንም ትለቃለች። ይህን የሠራልን አያ አለሙ ነበሩ፤ እግራቸው ስለሚያማቸው ከከብቶቹ ጋር ያልወጡ፣ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ገለባ እያቀበልኳቸው አየሁ፤ ወለላም የቆዳዋን ጥጃ እየላሰች ታለበች። ልጁም ጠጣ፣ ተኛ።

ግን ዝናቡ አላባራ ብሎ ቆዳው እርጥበት ያዘና መሽተት ጀመረ፣ ዝንብም ወረረው። እትየ ጥሩነሽ ይህን አይታ ልታልፈው አልቻለችም። «ወተት የሚጠጋው ነገር ሁሉ መታጠን አለበት» አለችና የማለቢያውን ቅል ስታጥን የገለባውን ጥጃም አብራ በወይራ ጭስ ደኅና አድርጋ አጠነችው። ማታ ወለላ ፊት ስናቆመው ወለላ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች፤ ከዚያ በኃይል ተንፍሳ ወደ ኋላ አፈገፈገችና ቅሉን በእግሯ ረግጣ ሰበረችው። የልጇ ሽታ ጠፍቶ ነበር። በማግስቱ አያ አለሙ ሊያልቧት ሞክረው እሳቸውንም ረገጠቻቸው።

«ምነው አያ አለሙ፣ እርስዎን እንኳ እምቢ ትበልዎ?» አለቻቸው እትየ ጥሩነሽ፣ ዕንባዋ እየመጣ።

«ሚስቴ ያልሰማችኝን ላም ልትሰማኝ ነው?» አሉ አያ አለሙ የተረገጠ ታፋቸውን እያሹ።

እትየ ጥሩነሽ ግን አልሳቀችም፤ እናቴ ወደተኛችበት ገብታ መደቡ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ስፈራ፣ ከዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ ፈገግ ብላ፣ «እንዴት ነው ነገሩ፣ ጥጃውን ቅል አደረግሽው?» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። ልጁ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እየጮኸ ነበር፤ አሁን ጩኸቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አፉን ብቻ መክፈት ጀመረ። ሲጮህ ሁላችንም ዝም በል፣ ዝም በል ስንለው የነበርነው ሰዎች ዝም ሲል ፈራን።

እናቴ ያን ጊዜ ጠራችኝ። «እናኑ፣ ነይ እስኪ። ወለላ ወተቷን የምትለቀው በጥጃዋ ብቻ አይደለም፤ ሳልባት የማንጎራጉርላትን ታውቃለች። አክስትሽ በዚያ ድምጿ ብታዜምላት በረቱን ጥላ ትጠፋለች። አንች ነሽ የኔ ድምፅ ያለሽ።»

አራስ ናትና ከቤት አትወጣም፤ ብትወጣም አቅም አልነበራትም። ስለዚህ እዚያው መደቡ ላይ እንደተኛች አስተማረችኝ። አውራ ጣቷን ሰጥታኝ፣ «ይሄ ጡቷ ነው በይ፤ አትጎትች፣ ከላይ ያለውን ጣትሽን አስቀድመሽ ዝጊ፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ወተቱን ወደ ታች እንደምትሸኝው» እያለች፣ እኔም ትኩሳት ያጋለውን ጣቷን ይዤ እዘጋና እከፍት ነበር። ሳጠብቅ «አመምሽኝ» ትለኛለች፣ ሳላላ «ዝንብ ነው የምታባርሪ?» ትለኛለች። ጣቶቼ ተራቸውን አውቀው ያለ እኔ ትእዛዝ አንዱ አንዱን ሲከተል የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም፤ ወንድሜ በረሃብ ሊሞት እየደረሰ በዚያ ጭንቀት መሀል መደሰቴን ሳስብ ያን ጊዜም አፍሬ ነበር፣ ደስታው ግን እፍረቱን አልሰማም። ከዚያ ዜማውን አስተማረችኝ። መጀመሪያ «እሽሽ» እያሉ በቀስታ ማሸት ነው፤ ቀጥሎ ማንጎራጎር፦

«እሽ ወለላ፣ እሽ የኔ ገራም፣
አንች ያለሽበት ቤት አይጠማም።»

ውጭ ዝናቡ እየዘነበ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እያልኩ፣ እሷ የሳትኩትን እያረመች፣ በመጨረሻ «ይበቃል፣ ያዝሽው» አለችኝ።

የራሷን ነጠላ አልብሳኝ ወደ በረቱ ወጣሁ። እትየ ጥሩነሽ ከጎረቤት የተዋሰችውን ቅል ይዛ፣ አያ አለሙም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። ወለላ ሥር ቁጭ ብዬ ጡቷን ያዝኩ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ሁለት ሰው እያየኝ እንዴት ላዚም?

«በይ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው? ልጁ እኮ እያለቀ ነው!» አለችኝ እትየ ጥሩነሽ።

አያ አለሙ ግን ገባቸው መሰለኝ፣ «ተያት፤ እኛ ነን ያስፈራናት። ነይ ዙሪ፣ አንችም እኔም ግድግዳውን እንይ» አሏትና ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳው ላይ ፊታቸውን አዞሩ።

ጀመርኩ። ድምፄ መጀመሪያ ለእኔም አልተሰማኝም። ወለላ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች፣ ግን ወተት የለም። ደገምኩት፤ ሠለስኩት። እናቴ ያስተማረችኝ ያለቀብኝ ሲመስለኝ ከቤት ውስጥ ድምፅ እንደማይመጣ፣ ልጁ ጨርሶ ዝም እንዳለ ተሰማኝና ደነገጥኩ፤ እኔም ዝም ያልኩ እንደሆነ ሁሉ ነገር የሚያልቅ መሰለኝ። ያኔ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፌ ላይ ያገኘሁትን አልኩ፦

«ሜዳው ውሃ ሆነ፣ ጭቃ ሆነ ደጁ፣
ባንች ነው ወለላ የሚያድገው ልጁ።»

ወለላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አንገቷን አዙራ የእናቴን ነጠላ ጫፍ አሸተተችና ትከሻዬን ላሰችኝ፤ ምላሷ እንደ ሞረድ ሻካራ ነበር። በእጄ ውስጥ ያለው ጡት ሲሞቅና ሲወጠር ተሰማኝ፣ ከላይ ጀምሬ ጣቶቼን ዘጋሁ፤ ወተቱም ወረደ።

ማንም አልዞረም። አያ አለሙ ግድግዳውን እንዳዩ፣ «ይችን ግጥም ከእናቷ ሰምቻት አላውቅም» አሉ። ከውስጥ እናቴ በደከመ ድምፅ፣ «የኔ አይደለችም፤ የራሷ ናት» አለች። እትየ ጥሩነሽ ገና ቅሉ ሳይጋመስ ነጥቃኝ ወደ ቤት ሮጠች። ስገባ ልጁን ታቅፋ በጥጥ እያንጠባጠበችለት ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ወተቱ በከንፈሩ ጥግ ብቻ ይፈስ ነበር፣ ከዚያ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየን። ሊነጋጋ ሲል ቤቱን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸና ሁላችንንም ቀሰቀሰን። እትየ ጥሩነሽ እልል አለች፤ ልጅ አለቀሰ ብሎ እልል ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መስከረም ሲጠባ ውሃው መሸሽ ጀመረ፣ የእናቴም ትኩሳት ለቀቃት፤ ማለቡ ግን የእኔ ሆኖ ቀረ። ጠዋት በብርድ የደነዘዘ ጣቴን በወለላ ሆድ ሥር አሙቄ፣ ከወተቱ የሚነሳው እንፋሎት ፊቴን እያለበሰኝ፣ ሜዳው ላይ ከቀረው ውሃ ወፎቹ ሲነሱ እያየሁ፣ በየቀኑ አንድ አዲስ ስንኝ እጨምርላት ነበር። ቸኩዬ ያለብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ወንድሜ ተጠምቆ አንዳርጌ የተባለ ዕለት እንኳ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ እኔ በረት ውስጥ ነበርኩ። አባቴ ከብቶቹን ይዞ ሲወርድ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበርና ጓያ ሊዘራ ቸኩሎ ነበር፤ ሆኖም ከበረቱ ደጅ ቆሞ ሳዜም ሰምቶኝ ኖሮ፣ «ይች ልጅ ድምፅ ነበራት እንዴ?» ብሎ እናቴን ጠየቃት አሉ።

በጋው ሲገባ ወረታ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ከአያቶቼ ወገን ዘንድ ከተማ እያደርኩ ሳምንቱን እማራለሁ፣ ቅዳሜ ለወለላ እመለሳለሁ። መምህሩ ተነስቼ እንዳነብ ሲያዙኝ መጽሐፉን እንደያዝኩ ወደ ግድግዳው እዞር ነበር፤ «ተማሪዎቹ እኮ በዚህ በኩል ናቸው፣ እናኑ» ይሉኛል፣ ክፍሉ ይስቃል። አነብ ግን ነበር፤ ፊደል ከፊደል ሲያያዝ፣ ቃልም ሲሆን፣ ያ በእናቴ ጣት ላይ የተሰማኝ ደስታ ይመጣብኝ ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ አገባሁ።

ዛሬ ወተት በጣሳ ተሰፍሮ ከደጄ ይመጣልኛል፤ ላም የለኝም፣ ጣቶቼም ሥራ ቀይረው በስፌት መኪና ላይ ቀሚስ መስፋት እየተማሩ ነው፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሲሄድልኝ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። አንዳርጌ በገበያ ቀን ከይፋግ በኩል ሲመለስ ጎራ ይላል። የሚያወራ ልጅ ሆኗል፤ ስለ በሬው፣ ስለ ገበያው፣ ስለተሳደቡት ሰዎች ሳያቋርጥ ይተርካል፣ ባለቤቴም አንዳንድ ጊዜ «ይሄ ልጅ ትንፋሽ አይወስድም?» ይለኛል። እኔ የሚለውን ሁሉ አልከታተለውም፤ መኪናዬን አቁሜ፣ ድምፁ ቤቱን ሞልቶት፣ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። ያኔ ሲያለቅስ ዝም እንዲል እንለምነው ነበር፤ አሁን ነጠላውን አንስቶ ሊሄድ ሲል፣ «ቆይ እስኪ፣ ከዚያስ?» እለዋለሁ።