ቴምብሩ ላይ የሳቀው አባቴ

የረጠበ ፖስታ ሽታ አልወድም። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ለንደን ሆሎዌይ ያለው ቤቴ በር ሥር ዝናብ ያበሰበሰው ደብዳቤ ወድቆ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ያ የሙጫና የእርጥብ ወረቀት ሽታ መጣብኝ፤ ኮቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ልበልህ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያ ሰውዬ ግን አሁንም ያንን ሽታ እየተከተለ ይመጣብኛል።

ሰውዬው አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ካሌዶኒያን ሮድ ከኛ ፍላት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኛል፤ ያኔም «ጋሼ፣ ይግቡ» እያልኩ ነበር በር የምከፍትለት። አሁን ግን ከአፌ አይወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ባርኔጣውን ደፍቶ ይመጣና «ዛሬስ ምን መጣልን?» ይላል። እናቴ ከአገር ቤትና ከአሜሪካ የመጡትን ፖስታዎች ታቀርብለታለች። እሱም በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ አስመጥቶ ቴምብሮቹን ይዘፈዝፋል፤ እስኪላቀቁ ድረስ ስለ ዓለም ሁሉ ያስተምረናል። የማያውቀው ነገር አልነበረም፣ መቼስ! እናቴ ደግሞ ያለውን ሁሉ አሜን ብላ ነበር የምትቀበለው።

አባቴ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበር። እኔና እናቴ ቀድመን መጥተን፣ እሱ ሊከተለን ቪዛውን ሲጠባበቅ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ መጣ። ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር ከቤቱ ወስደው አሰሩት። ምግብ የምታመላልስለት አክስቴ ነበረች፤ በደወልን ቁጥር «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ትለናለች። እናቴ ስልኩን ትዘጋና ግድግዳውን ታያለች። «እውነት ደህና ቢሆን ሁለቴ ትለው ነበር?» ትለኝ ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ሰሞን፣ አሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዳው የአባቴ ታናሽ ወንድም የልደት ካርድ ላከልኝ። ፖስታውን ሳየው ጮኼ ዘለልኩ። ቴምብሩ ላይ አባቴ ነበር! ራሱ አባቴ፣ ያንን ቡናማ ሹራቡን ለብሶ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት እስኪታይ እየሳቀ። የካርዱን ነገር ረሳሁት። እናቴም ሳቅ በሳቅ ሆነች፤ ፖስታውን ቴሌቪዥኑ ላይ አስደግፋ ወጥ እያማሰለች ብቅ እያለች ታየው ነበር።

ቅዳሜ ሰውዬው መጣ። «ዛሬስ ጉድ ነው የማሳይዎት!» አለችና ፖስታውን እጁ ላይ አድርጋ ውሃ ልታመጣ ገባች። መነጽሩን አደረገ። አየው፣ ገልበጥ አደረገው፣ እንደገና አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ጀርባዬን ያሳክከኛል። እናቴ ሳህኑን ይዛ ስትመለስ «ዛሬ ይቅርብኝ፣ ትንሽ አሞኛል» ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴምብሩን ሳይወስድ ወጣ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አንተም ታውቃለህ። እናቴ በሌሊት ልብሷ ከፍታ፣ ኮሪደሩን የሞላውን ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ስታይ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ «ወይኔ!» ብላ ወደቀች።

ለካስ ሰውዬው ከኛ ወጥቶ ከቤት ቤት ሲዞር ነው ያመሸው። «አሜሪካ በሕይወት ያለ ሰው ቴምብር ላይ አታትምም፤ ሕጓ ነው። ወንድምየው መርዶውን በአፉ መናገር አቅቶት ነው» ብሏቸዋል። እነሱም ዝም ብለው አላመኑም፤ አክስቴ ጋ ደውለዋል። «ኧረ ደህና ነው፣ ትናንት ምሳ አስገብቼለታለሁ» ብላቸዋለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ! ሁሉም «ደህና ናቸው» እየተባሉ የእናት የአባታቸውን ሞት ዘግይተው የሰሙ ናቸው። አጎቴ ጋ ሲደውሉ ደግሞ ስልኩ አይነሳም። «ይኸው! ምን ብሎ ያንሳው?» ተባለ። አክስቴ እውነቱን ተናግራ፣ እውነቱ ራሱ ማስረጃ ሆነባት። እንዲህ አድርገው ነው አባቴን የገደሉት።

እናቴ ፀጉሯን በመቀስ ቆረጠችው። «አንተ! አንተ የኔ ጌታ! ለማን ጥለኸኝ!» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ታች ያሉት እንግሊዞች በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ይደበድቡ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ፖስታውን ይዤ ከሴት ሴት እየዞርኩ «እየሳቀ እኮ ነው! ሂስ ስማይሊንግ!» እላለሁ። አንዷ ክንዴን ቆንጥጣ «አባቷ ሞቶ የማታለቅስ! ምን ዓይነት ድንጋይ ናት? ፈረንጅ ሆናለች በቃ» አለች። ቁንጥጫው ለሳምንት ሰማያዊ ሆኖ ቆየ።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ደወለ። ስልኩን ቤቱ ረስቶ ጭነት ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዋይታውን ሲሰማ «ማን ሞተብን?» አለኝ።

«ዳዲ ይላሉ» አልኩት። «ቴምብሩ ላይ ስላለ።»

«ስፒከር ላይ አድርጊው!» ብሎ ጮኸ። «ምን ነካችሁ? እዚህ አገር እኮ ሰው የፈለገውን ፎቶ ልኮ ቴምብር ያሠራል! ውሻውን የሚያሠራ አለ! እኔም የራሴን አሠርቻለሁ፤ ታዲያ ሞቻለሁ? ልጅቷ በልደቷ አባቷን ትየው ብዬ ነው!»

አንዷ እልል አለች፣ ሌላው ሳቀ፤ ለለቅሶ የመጣው ንፍሮ ለደስታ ተበላ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የተጨረገደ ራሷን በመዳፏ እየዳበሰች፣ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ታየን ነበር። ሰውዬው ይቅርታ እንኳ አላለም። «ሕጉስ ልክ ነው፤ ይሄ ግን የመንግሥት ቴምብር አይደለም ማለት ነው» ብሎ ባርኔጣውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ «መቼም ብርቅ ነው፤ ካልፈለጋችሁት...» አለ። አታምነኝም። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ያንን ሕጓን ትታዋለች አሉ፤ በሕይወት ያለ ሰውም ይታተማል ተብሏል። እሰይ! ለእኛ ግን ምን ሊረባን?

አባቴ ተፈታ፤ ቆይቶም ለንደን መጣ። ሂትሮው ላይ ከስቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት፣ ያንኑ ፍንጭቱን እያሳየ ሲመጣ እኔ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴ እጇን ዘርግታ «እንኳን ደህና መጡ» አለችው። ከኋላው ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞር ብሎ አየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ሆነ። «ሻይ ልቅዳልዎት?» «ብርድ ነው፣ ሹራብዎን ይልበሱ።» መጀመሪያ ላይ «ምነው፣ ይሄን ያህል አረጀሁ?» እያለ ይቀልድ ነበር፤ በኋላ መቀለዱን ተወው። ማታ ማታ ለጥበቃ ሥራው ሲወጣ በሩን እንግዳ እንደሚዘጋው ቀስ አድርጎ ነበር የሚዘጋው። አንድ ቀን ተናድጄ «ለምንድነው እንዲህ የምታደርጊው?» አልኳት። «ያኛውን እኮ ሸኘሁት» አለችኝ፣ ሽንኩርቱን እየከተፈች። «ይሄኛውን ቀስ ብዬ ልልመደው።» ሳትለምደው አረጁ።

አባቴ አምና ክረምት ሞተ፤ በዚህኛው ጊዜ እውነተኛ ሞት። ያ ሰውዬ ቀድሞት ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። ያኔ ኮሪደሩን የሞሉት ሰዎች ለአባቴ ጥቂት ሆነው መጡ፤ ቁጭ አሉ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ሄዱ። አንዴ አልቅሰውለት የለ!

ሁሉም ከሄደ በኋላ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። የኔም ደረቅ ነበር። ተነስታ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ያንን ፖስታ አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ እሱ ግን እንደሳቀ ነው።

«እኔ ያኔ ጨርሼለታለሁ» አለችኝ። «ያንቺ ነው የቀረው።»

ክንዴን ያዘችኝ፤ አልቆነጠጠችኝም። ያኔ ያላለቀስኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣ። እንባዬ ሲንጠባጠብ ግን ፈጠን ብላ ፖስታውን ከጉልበቴ አነሳችው።

«ቀስ፣ ልጄ» አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችው። «እንዳይላቀቅ።»