ዘይነባና አረንጓዴው ኪታብ

ጎረቤቴ ዘይነባ ሻል ብሏት ሾርባ ጠጣች ብላ ልጇ ትናንት ከደሴ ሆስፒታል ደውላልኝ ነበር። ልጅቱ ደግሞ አትዋሽም። ዛሬ ጠዋት ሞተች ሲሉኝ ሌላ ዘይነባ ትሆናለች ብዬ ሦስት ሰው ጋ ደወልኩ። ሦስቱም አለቀሱብኝ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እኔ ነገር ቶሎ አላምንም። እሷም በኦሮምኛ "ያ ኢንተላ" ብላ ጠርታኝ "አንቺ ልጅ፣ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ" ትለኝ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን ከባቲ ገበያ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብወለድ ይዛ መጣች። ታሪኩ ጡቷ ስላጎጠጎጠ፣ የወር አበባ ስለመጣባት፣ በአንድ ወንድ ልጅ ምክንያት ከጓደኛዋ ስለተጣላች ልጅ ነው። እኛን ማን ነግሮን ያውቃል? እናቶቻችን እንደሆነ "ስትደርሺ ታውቂዋለሽ" ነው መልሳቸው። እንዳይታወቅብን እንደ አባቴ የሃይማኖት ኪታቦች በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልለን እኛ ቤት ደበቅነው።

እናቴ አገኘችው። ኪታብ መስሏት ሳመችና ከአባቴ ኪታቦች ጋር ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። "ሳትታጠቡ፣ ያለ ውዱእ እንዳትነኩት" አለችን። ዘይነባ ሳቋ እንዳያመልጣት ሻርፗን አፏ ውስጥ ከተተች።

የቀረን የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። በሳምንቱ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ጠፋ።

"አንቺ ነሽ የወሰድሽው" አልኳት።

"ምን ላደርገው?"

"ለዚያ ከጨፋ ሮቢት ለመጣው ልጅ ልታስነብቢው ነዋ።"

"እሱ ማንበብ መቼ ይችልና" ብላ ሳቀች።

ወላሂ አንድ ወር አኮረፍኳት። ታርቀንም፣ ሁለታችንም አግብተን ጎን ለጎን ቤት ይዘንም፣ ቤቷ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ሣጥኗ ላይ ነው። መጨረሻው ምን ሆነ ስላት "ጓደኛሞቹ ታረቁ፣ ልጁን ሁለቱም ተዉት" ትለኛለች። ካላነበብሽው እንዴት አወቅሽ እላለሁ በሆዴ።

ዛሬ እናቴ ለለቅሶው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "አሁንማ ልንገርሽ" አለችኝ። "ያንን አረንጓዴውን አባትሽ ገልጦ አየው። አንቺን ከትምህርት ቤት አስወጣታለሁ ብሎ ሲነሳ ዘይነባ በሩ ላይ ደረሰች። 'የኔ ነው አባባ፣ እሷ ገልጣውም አታውቅም' አለችው። አባትሽም እዚያው ፊቷ ምድጃ ውስጥ ከተተው። እንዳትነግሪያት ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ።"

ዘይነባዬ፣ ለአንድ መሐላ ብለሽ ይህን ሁሉ ዓመት ክፉ ዓይኔን ቻልሽው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ያንን መጨረሻ ግን አሁንም እጠረጥርሻለሁ፤ ከራስሽ ነው ያመጣሽው። ለእኛ ብለሽ ነው።

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ሂጂ በሰላም፣ ሣጥንሽን ከእንግዲህ አላየውም።